«አታስበው» ማለት ለምን አይሠራም? ሳይጠሩ ስለሚመጡ ሐሳቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሕፃን ታቅፎ ደረጃ ሲወርድ «ብጥለውስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ ያለበት ሰው ይህን ለማንም አይናገርም። ቅዳሴ ቆሞ ወይም ለሶላት ተሰልፎ የስድብ ቃል በአእምሮው ያለፈበትም እንዲሁ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንዳንዴም «ጓደኛዬ ነው የሚጠይቀው» እያሉ የሚያነሷቸው ናቸው። ምሳሌዎቹ ከብዙ ሰው ገጠመኝ የተውጣጡ እንጂ የአንድ ሰው ታሪክ አይደሉም።

እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣብኝ እኔ ብቻ ነኝ?

አይደላችሁም። ስታንሊ ራክማንና ፓድማል ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት ምንም ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ሲጠይቁ፣ ከ10ሩ 8ቱ ገደማ ሳይፈልጉት የሚመጣ አስቀያሚ ሐሳብ እንዳለባቸው ተናገሩ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። የጤነኞቹንና እንዲህ ያለ ሐሳብ ሕመም የሆነባቸውን ሰዎች ሐሳቦች ጽፈው፣ ቀላቅለው ለባለሙያዎች ሰጡ። ባለሙያዎቹም የትኛው ሐሳብ የጤነኛ፣ የትኛው የታማሚ እንደሆነ ለመለየት ተቸገሩ።

በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት በ13 አገሮች 777 ተማሪዎችን ጠይቆ፣ 94 በመቶ ያህሉ ባለፉት 3 ወራት ውስጥ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደመጣባቸው አገኘ። ሴራሊዮን፣ ኢራን፣ ቱርክና እስራኤል ከአገሮቹ መካከል ስለነበሩ «የፈረንጅ በሽታ ነው» ማለት አያስኬድም።

እኔ ራሴ ሚኒባስ ውስጥ በሩ አጠገብ ስቀመጥ፣ መኪናው ቁልቁለት ሲይዝ «በሩን ብከፍተውስ» የሚል ነገር ውል ይልብኛል። የሆነ ሰው ከኋላ «ወራጅ አለ!» ሲል ይጠፋል።

ላለማሰብ ስታገል ለምን ይብስብኛል?

በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ቀላል ሙከራ አሳተመ። ተሳታፊዎቹ በቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ የሚገኘው የትሪኒቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ተቀምጠው ለ5 ደቂቃ በአእምሯቸው የሚያልፈውን ሁሉ ጮክ ብለው እንዲናገሩ ታዘዙ። ስለ ነጭ ድብ ግን ማሰብ ክልክል ነው፤ ድቡ ከመጣባቸው ደወል ይመታሉ። ደወሉ በአማካይ በደቂቃ ከአንድ ጊዜ በላይ ጮኸ።

ዋናው ግኝት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። «አሁን ስለ ድቡ ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ሲያፍኑ የቆዩት ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ይልቅ አብዝተው ደወሉ። የታፈነው ሐሳብ በሩ ሲከፈትለት ተንደርድሮ ገባ።

ድብ ለእኛ ሩቅ እንስሳ ነው፤ በነጭ ጅብ ሞክሩት። ስልካችሁ ላይ 1 ደቂቃ ሙሉና ስለ ነጭ ጅብ ምንም አታስቡ። ከቻላችሁ ንገሩኝ።

ዌግነር በ1994 ማብራሪያውን አሳተመ። አንድን ነገር ላለማሰብ ስንወስን አእምሯችን ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ይሰማራሉ። አንዱ ሌላ የሚታሰብ ነገር ይፈልጋል፤ ሥራው ጉልበት ይጠይቃል። ሌላው ዘበኛ ነው፤ የተከለከለው ሐሳብ መጥቶ እንደሆነ ዝም ብሎ ይፈትሻል። ችግሩ ያለው ዘበኛው ላይ ነው። ሌባውን ለመለየት የሌባውን ፎቶ በእጁ መያዝ አለበት፤ በፈተሸ ቁጥር ያንን ፎቶ ለእናንተም ያሳያችኋል። ሲደክማችሁ፣ እንቅልፍ ሲያጥራችሁ፣ ፈተና ወይም የቤት ኪራይ ሲያስጨንቃችሁ የመጀመሪያው ሠራተኛ አቅም ያጣና ሥራውን ይተዋል። ዘበኛው ግን ብዙ ጉልበት ስለማይፈልግ ይቀጥላል። ሐሳቡ ልክ ሰውነታችሁ ሲዝል የሚበረታው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሐሳብን መግታት ፈጽሞ አይቻልም ማለት ነው?

እንደዚያ ብዬ ብደመድም ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ገና አልተስማሙም። በ2020 የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመዘነ አንድ ሥራ፣ ሐሳቡ ማፈን ካቆምን በኋላ አገርሽቶ እንደሚመጣ አረጋግጧል። እያፈንን እያለ ወዲያውኑ የሚብሰው ግን አእምሮ በሌላ ሥራ ሲጨናነቅ ነው ብሏል። በ2023 ደግሞ ማይክል አንደርሰንና ዙልካይዳ ማማት የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ16 አገሮች የሚገኙ 120 ሰዎችን ለ3 ቀን አሠለጠኑ። ሠልጣኞቹ ፍርሃታቸውን የሚያስታውስ ቃል እያዩ ምስሉ ወደ አእምሯቸው እንዳይገባ ሲገቱ ፍርሃቱ ደበዘዘ፤ የብዙዎቹም የአእምሮ ጤና ተሻሻለ።

እኔ ሁለቱን እንዲህ አስታርቃቸዋለሁ። በካምብሪጁ ሥልጠና ሰውየው አስታዋሹን ቃል ፊት ለፊት ያያል፤ አይሸሽም፤ ሌላ ሐሳብም አይተካበትም። እኛ ቤት የምናደርገው ትግል ግን ሽሽት ነው፤ ቢላ መደበቅ፣ መንገድ መቀየር፣ ሰባት ጊዜ ማማተብ። ሐሳቡ አባዜ ለሆነበት ሰው ትግሉን እንዲያጠናክር አልመክረውም።

ካሰብኩት ውስጤ ይፈልገዋል ማለት አይደለም?

አይደለም። ሰው ሁሉ የሚሰናከለው ግን እዚህ ላይ ነው። ራክማንና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ሐሳብንና ድርጊትን አንድ አድርጎ የማየትን ዝንባሌ አጥንተው ሁለት መልክ እንዳለው ገለጹ። አንደኛው «ማሰቤ የማድረጌን ያህል ክፉ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ካሰብኩት ይደርሳል» የሚል ነው። ሁለተኛውን እኛ ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ «አታሟርት!» ተብለን አድገናል። ክፉ ነገር በአፍ መጥራት የሚያመጣው ከመሰለን፣ በልብ ያለፈውም ያመጣዋል ብለን ብንፈራ አይገርምም። ግን እስቲ ነገ አንደኛው ዕጣ እንዲደርሳችሁ 10 ደቂቃ አጥብቃችሁ አስቡ። ሐሳብ ነገር የሚጠራ ቢሆን ሎተሪ አዟሪው ቲኬቱን ለሌላ ሰው አይሸጥም ነበር።

ሐሳቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሚያማችሁ በኩል ነው። ዝንብ የማይነካ ሰው ስለት ይታየዋል። ሃይማኖተኛው ስድብ ይሰማዋል፤ ትዳሯን የምትወድ ሴት ስለ ሌላ ወንድ ያልፈለገችው ምስል ይመጣባታል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ፖል ሳልኮቭስኪስ በ1985 እንዳስረዳው ሰውን የሚያሳምመው የሐሳቡ መምጣት ሳይሆን የሚሰጠው ትርጉም ነው፤ «ይህ ከመጣብኝ አደገኛ ነኝ፤ መከላከልም የእኔ ኃላፊነት ነው» የሚለው። የዘገነናችሁ ስለማትፈልጉት ነው።

አራስ ነኝ። ልጄን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣብኛል። ክፉ እናት ነኝ?

በካናዳ ተደርጎ በ2008 የታተመ ጥናት 91 አዲስ እናቶችን ጠይቆ ነበር። ሁሉም፣ አዎ ሁሉም፣ ልጃቸው ድንገተኛ አደጋ ሲደርስበት የሚያሳይ ሐሳብ እንደመጣባቸው ተናገሩ። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ራሳቸው ሆን ብለው ሲጎዱት የሚያሳይ ሐሳብ መጥቶባቸዋል።

ነገሩ እንዴት እንደሚያድግ ላሳያችሁ። እናቲቱ ሽንኩርት ስትከትፍ ልጁ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ምስሉ ብልጭ ይልባታል። ቢላውን አስቀምጣ እጇን ትታጠባለች። በማግሥቱ ቢላው ከመሳቢያ ወጥቶ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በሳምንቱ ሽንኩርቱን እህቷ ትከትፋለች። ከዚያ «ወገቤን አሞኛል» ትልና ልጁን ማጠቡን ለእናቷ ትተዋለች። በእያንዳንዱ እርምጃ እፎይ ትላለች፤ እፎይታው ግን ለአእምሮዋ «በእርግጥም አደጋ ነበር፤ የተረፍነው ስለተጠነቀቅሽ ነው» የሚል ትምህርት ይሰጠዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀን ማንኪያውም ያስፈራል።

ከዚህ ፈጽሞ የተለየና አስቸኳይ የሆነ ነገር አለ። እናቲቱ ለቀናት ሳትተኛ ድካም ካልተሰማት፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች፣ ልጁ ርኩስ መንፈስ ነው ወይም ተለውጧል ብላ ካመነች፣ ሐሳቡ ካላስፈራትና ትክክል ከመሰላት በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት። እስከዚያም ከልጁ ጋር ብቻዋን አትተዉአት።

በጸሎት ሰዓት ስድብ ይመጣብኛል። ኃጢአት አይደለም?

ካህን ወይም ሼህ አይደለሁም፤ ስለ ሥርዓቱ እነሱን ጠይቁ። ነገር ግን ሃይማኖቱም ቢሆን እናንተ ራሳችሁ ላይ የምትፈርዱትን ያህል አይፈርድባችሁም።

በኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሰው «በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር» የሚለውን ሰምቷል፤ በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት ይበደላል ማለት ነው። ይህን የሰማ ጭንቀታም ሰው በአእምሮው ያለፈ ሁሉ የተመዘገበበት ይመስለዋል። የበረሃ አባቶች ግን የሚመጣን ሐሳብና ተቀብለው የሚያኖሩትን ሐሳብ ለይተው ያዩ ነበር። በግብፅ በረሃ ይኖር የነበረው አባ ጴሜን ዘንድ አንድ ወንድም ሄዶ ብዙ ሐሳብ እንደሚያስቸግረው ነገረው ይባላል። አባ ጴሜንም ወደ ውጭ አወጣውና «ልብስህን ዘርግተህ ነፋሱን ያዘው» አለው። «አልችልም» ሲለው፣ ሐሳብ እንዳይመጣ ማድረግም እንደዚያው እንደማይቻል፣ የእሱ ድርሻ አለመተባበር ብቻ እንደሆነ ነገረው። ከዌግነር 1,500 ዓመት ያህል ቀድሞ ማለት ነው።

ሙስሊሞች እንዲህ ያለውን ሳይፈለግ የሚመጣ ሐሳብ ወስዋስ ይሉታል። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዳንዶቹ ለመናገር እንኳ የሚከብዳቸው ነገር በውስጣቸው እንደሚያልፍ ሲነግሯቸው፣ ነቢዩ ያንን መጥላታቸውን የጥርት ያለ ኢማን ምልክት አድርገው እንደተቀበሉት በሐዲስ ተዘግቧል።

ሕመም የሚሆነው ማስተካከያው ሲበዛ ነው። ውዱእን አራት ጊዜ ማድረግ፣ «ልቤ አልነበረበትም» ብሎ ጸሎቱን ከመጀመሪያው መድገም፣ አንዱን ነገር ለንስሐ አባት በየሳምንቱ መናዘዝ። የተናዘዘው ሰው በሩ ላይ ሳይደርስ «በትክክል ተናግሬ ይሆን?» ይላል። አስተዋይ የንስሐ አባት ወይም ኢማም «አንዴ ብቻ፤ ሁለተኛ አትመለስበት» ብሎ ገደብ ሲያበጅላችሁ፣ ሐኪም ከሚሰጠው ምክር ጋር በቀጥታ ይገጥማል። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ።

ሐሳቡ ሲመጣ ታዲያ ምን ላድርግ?

ምንም። ቀልዴን አይደለም፤ ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ነው።

ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጣችሁ ማኪያቶ እየጠጣችሁ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጥ ልጅ ይመጣል። ከተከራከራችሁት ይቆያል፤ ከተቆጣችሁት ደግሞ ሰው ሁሉ ያያችኋል። አይታችሁት፣ ጨዋታችሁን ከቀጠላችሁ ጥቂት ቆሞ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ይሄዳል። ተመልሶም ይመጣል፤ እናንተም እንዲሁ ጨዋታችሁን ትቀጥላላችሁ።

በተግባር ስንመጣ ሐሳቡን በስሙ ጥሩት፦ «ያ ሐሳብ መጣ»። አትመልሱለት፤ «እኔ እንደዚህ አላደርግም» ብላችሁ እንኳ አትከራከሩት፤ መከራከርም ሥራ መስጠት ነው። ከዚያ እጃችሁ ላይ የነበረውን ሥራ ቀጥሉ። ልጁን እያጠባችሁ ከነበረ ልጁን እጠቡ። ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል፤ ይሁን። ደረቱን ጭንቅ የያዘው ሰው ዝም ብሎ ከቆየ ጭንቁ ራሱ እየቀለለ ይሄዳል። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ «አሁን ሄደ ወይ?» ብሎ መፈተሽ። ዘበኛው ፎቶውን ይዞ ተመለሰ ማለት ነው።

ለተራ ጭንቀት፣ ለምሳሌ ለገንዘብ ወይም ለሥራ ሐሳብ፣ ሌላ ዘዴም አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ በ1983 እንደፈተሹት በቀን ለጭንቀት 30 ደቂቃ መድቡ፤ ሰዓቱም ቦታውም አይቀየር። ከዚያ ውጭ ሲመጣ «ለ11 ሰዓት ቀጥሬሃለሁ» በሉት። ከማፈን የሚለየው በሩን ስለማይዘጋበት ነው።

እጄ ላይ ላስቲክ አስሬ ሐሳቡ ሲመጣ ብስበውስ?

ተዉት። «ቁም!» እያሉ ሐሳብን የማስቆም ዘዴ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ተሞክሯል፤ ትርፉ ለሐሳቡ ትልቅ ቦታ መስጠት ነው። እጃችሁም ይቀላል።

ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ወይም ሰው ጠይቄ ብረጋጋስ?

አንዴ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ይህንንም ጽሑፍ አንዴ ማንበብ። ለ10ኛ ጊዜ ስትመለሱበት ግን ማረጋገጫ ፍለጋ ሆኗል፤ ቢላ ከመደበቅ አይለይም።

ባለቤቴ እንዲህ ሆናለች። ምን ልበላት?

«አታስቢው በቃ» አትበላት፤ ለምን እንደማይሠራ ከላይ አይተኸዋል። «አብደሻል እንዴ?» ይባስ። በቀን 20 ጊዜ «አንቺ ጥሩ እናት ነሽ፣ ምንም አታደርጊም» ማለትም ደግ ቢመስልም 21ኛውን ጥያቄ ይወልዳል። «ያ ሐሳብ መጣብሽ አይደል? ከባድ ነው። በይ ቡናውን አብረን እናፍላ» በቂ ነው። ልጁንም ከእጇ አትቀበላት።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው? ምንስ ይደረግልኛል?

ሐሳቡና እሱን ለማስታገስ የምታደርጉት ነገር በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ከወሰደባችሁ፣ ወይም ሥራችሁን፣ ትምህርታችሁን፣ ቤታችሁን ካወከ ኦሲዲ የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕክምና አለው። ቪክቶር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1966 ባሳተመው ሥራ እንደገለጸው፣ ለንደን ውስጥ ሁለት ታማሚዎችን ሲያክም የተለመደው ነገር ሁሉ አልሠራ ሲል፣ የሚፈሩትን እንዲነኩና የማስታገሻ ድርጊታቸውን እንዳይፈጽሙ አደረገ። ተሻላቸው። ዛሬ ዋናው የንግግር ሕክምና ከዚያ የመጣ ነው፤ በደረጃ ይሠራል። ለእናቲቱ መጀመሪያ ቢላው ወደ መሳቢያው ይመለሳል፤ ቀጥሎ እህቷ አጠገቧ ሆና ትከትፋለች፤ በኋላ ልጁ ባለበት ብቻዋን።

ከመድኃኒቶቹ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊንና ክሎሚፕራሚን ይታወቃሉ። ውጤታቸው ለመታየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል በ3ኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉት፤ በራሳችሁም አታቋርጡ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ ትልልቅ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ይህን ሳትሰሙ አትግቡ። በአማርኛ «ጣለው ጣለው ይለኛል» እንላለን፤ «ሳል ሳል ይለኛል»፣ «አልቅስ አልቅስ ይለኛል» እንደምንለው ነው። የሚናገር ማንም የለም። አስተርጓሚው ቃል በቃል ከተረጎመው ግን ሐኪሙ «የሚያዝ ድምፅ ይሰማዋል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ያ ሌላ ሕመም፣ ሌላ መድኃኒት ነው። ስለዚህ እንዲህ በሉ፦ «ድምፅ አይሰማኝም። የራሴ ሐሳብ ነው፤ አልፈልገውም፤ ያስፈራኛል።»

ራሴን ስለማጥፋት የሚመጣብኝ ሐሳብም እንዲሁ ዝም ይባላል?

ፎቅ ላይ ቆሞ «ብዘልስ» የሚል ብልጭታ መጥቶ ደንግጦ ወደ ኋላ መመለስ አንድ ነገር ነው። ሞት እንደ ዕረፍት ከታያችሁ፣ መንገዱን ማሰብ ከጀመራችሁ፣ ሰው መሰናበት ካማራችሁ ግን ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ብቻችሁን አትሁኑ፤ አብሯችሁ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ማታ ልተኛ ስል ለምን ይብሳል? በሕልሜም ይመጣል።

ቀን ሥራ ነበር፣ ሰው ነበር፤ ማታ ትኩረታችሁን የሚሻማ የለም፤ ድካምም አለ። ሕልሙንም ዌግነርና ባልደረቦቹ አጥንተውታል። በ2004 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ከመተኛታቸው በፊት ስለ አንድ የሚያውቁት ሰው እንዳያስቡ ሲታዘዙ፣ ያ ሰው ይበልጥ በሕልማቸው መጣ። ስለዚህ ትራስ ላይ «ዛሬ እንኳ አይምጣብኝ» ብሎ መሟገት የሕልሙን ግብዣ መላክ ነው። እንደወትሯችሁ ጸልዩ፣ አንዴ ብቻ፤ መብራቱን አጥፉ፤ ከመጣም አብሯችሁ ይተኛ።